ሌባ የምንለው ማንን ነው?

(በተማሪዎች ማኅበር የሳምንቱ ስብሰባ፥ ከዋግ በመጣን ተማሪዎች ስም የተነበበ ንግግር)



ከሰቆጣና ከዋግ ኽምራ ደጋዎች የመጣን ልጆች ለንግግር ስንነሣ ብዙ ጊዜ የሚጠበቅብን ስለ ውቅር መስቀለ ክርስቶስ፥ ወይም ስለ ዋግሹሞች፥ አለዚያም ስለ ነጩ ማራችን እንድናወራ ነው። ስለ እነዚህ ሌላ ቀን እንናገራለን። ዛሬ ይዘን የመጣነው አንድ ቃል ብቻ ነው፤ ቃሉም «ሌባ» የሚለው ነው።

ምክንያቱን ሳንደብቅ እንንገራችሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት ከመካከላችን አንዱ በሚኖርበት የመኝታ ክፍል የአንድ ተማሪ ስልክ ጠፋ። በክፍሉ ውስጥ ስምንት ልጆች ነበሩ። ከስምንቱ ሰባቱ ቁልፍ ያለው ሻንጣ ነበራቸው፤ የእኛ ልጅ ግን ልብሱን ይዞ የመጣው በማዳበሪያ ከረጢት ነበር። ይኸው ብቻ እንደ ማስረጃ ተቈጠረ። ማንም ቀርቦ አልጠየቀውም፤ ነገር ግን ማታ ከምግብ አዳራሽ ሲመለስ ፍራሹ ተገልብጦ፥ ከረጢቱ ተዘርግፎ አገኘው። በማግሥቱ «ሌባው» ይሉት ጀመር። ስልኩ በአራተኛው ቀን ከባለቤቱ ከራሱ ካፖርት የውስጥ ኪስ ተገኘ። ባለቤቱም ይቅርታ ጠየቀ፤ በውነቱ ከልቡ ነው የጠየቀው። ስሙ ግን አልተመለሰም። እስከ ዓመቱ መጨረሻ ድረስ በቀልድ እያደረጉ «ሌባው መጣ፤ ስልካችሁን ያዙ» ይሉት ነበር፤ እርሱም አብሮ ይሥቅ ነበር። እኛን ይበልጥ ያሳዘነን አብሮ መሣቁ ነው።

ይህ ልጅ ያልሠራውን ሥራ ስም እንዴት አድርጎ ዓመት ሙሉ ተሸከመ? ለዚህ መልስ ስንፈልግ፥ ቃሉ በአገራችን በምን በምን ጊዜ እንደሚነገር እያስታወስን በወረቀት ላይ እንጽፍ ጀመር። እኛ የቋንቋ ሊቃውንት አይደለንም፤ ሁለታችን የግብርና፥ አንዳችን የሕግ፥ አንዳችን የሒሳብ ተማሪዎች ነን። ከአራታችን ሁለታችን ቤት ውስጥ ኽምጣንጋ እየተናገርን ያደግን ስለ ሆንን፥ የአማርኛን ቃል ገበያ ላይ እንደ ቀረበ ዕቃ አገላብጠን ማየት ይቀናን ይሆናል። ከተሳሳትን መምህሮቻችን ያርሙን።

በመጀመሪያ ግሡን እንመልከት። «ሰረቀ» በግዕዝም በአማርኛም አንድ ነው፤ ከዐሥርቱ ትእዛዛት «ኢትስርቅ» የሚለውን ከቄስ ትምህርት ቤት ጀምሮ የማያውቅ የለም። ነገር ግን ፊደሉን አጥብቀን ካልያዝን ትልቅ ስሕተት ላይ እንወድቃለን። በእሳቱ ሰ የተጻፈው «ሰረቀ» የሌላውን ወሰደ ማለት ሲሆን፥ በንጉሡ ሠ የተጻፈው «ሠረቀ» ግን ፀሐይ ወጣ፥ ብርሃን ታየ ማለት ነው። ምሥራቅ የሚለው ስም የሚወጣው ከዚህ ከሁለተኛው ነው። ስለዚህ ሠርቀ ብርሃን የተባለ ሰው ስሙን በእሳቱ ሰ ቢጽፉለት ብርሃንን የሰረቀ ሰው ሆኖ ያርፈዋል። ፊደል ይቀነስ እያሉ በሚከራከሩት መምህሮቻችን ላይ ክፋት የለንም፤ ሲቀንሱ ግን ይህን ሰው እንዳይረሱት እንለምናቸዋለን።

በየዕለቱ ንግግራችን ደግሞ «ሰረቀ» ሁልጊዜ ክፉ ቃል አይደለም። ጎረምሳው ቆንጆይቱን «ሰረቅ አድርጎ አያት» ይባላል። ልቡን የሰረቀችው እንደ ሆነ ማንም ወደ ፖሊስ ጣቢያ አይሄድም። በንባብ ላይ ያለ ተማሪ እንቅልፍ ይሰርቀዋል፤ ይህን ከእኛ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። ከቤት በስተጀርባ ያለችው ትንሽ በር የስርቆሽ በር ትባላለች፤ በእርስዋ የሚወጣው ግን ብዙ ጊዜ ሌባ ሳይሆን እንግዳ የበዛበት ባለቤት ነው። ልጅ ሆነን ስርቅታ ሲይዘን «ምን ሰርቀህ በላህ?» እያሉ ያስደነግጡን ነበር፤ ድንጋጤውም ስርቅታውን ያስለቅቅ ነበር። አያቶቻችን ማር ቀምሶ አፉን ሳይጠርግ የመጣውን ሕፃን «አንተ ሌባ!» ብለው ጉንጩን ይስሙታል። ከአውራ ጣት ቀጥሎ ያለውንም ጣት ሌባ ጣት እንለዋለን። የሚገርመው ነገር፥ ሰው ሌላውን ሰው «ሌባ» ብሎ ሲጠቁም የሚዘረጋው ይህንኑ ጣት ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። የሕግ ተማሪው ጓደኛችን ነው ያስተዋለው። «ሰረቀ» ግሥ ነው፤ ግሥም ስለ ሆነ ጊዜ አለው። ሰረቀ፥ ይሰርቃል፥ ሰርቆ ነበር፥ አልሰረቀም፥ ዳግመኛም አይሰርቅም እንላለን። አንድ ቀን የተደረገ ነገር አንድ ቀን ሊያልቅ ይችላል። «ሌባ» ግን ስም ነው። ከእርሱ «ሌብነት» የሚል ሌላ ስም ይወጣል እንጂ የራሱ የሆነ ግሥ የለውም። ትናንት ሌባ ነበር፥ ዛሬ ግን ትቶአል ብለን መናገር ብንችልም፥ ሰሚው የሚይዘው የመጀመሪያውን ቃል ብቻ ነው። በዚህ ላይ ቃሉ ማስረጃ አይጠይቅም። «ሰረቀ» ያለ ሰው «ምን ሰረቀ? ከማን? መቼ?» ተብሎ ይጠየቃል፤ «ሌባ ነው» ያለ ሰው ግን የሚጠይቀው የለም። የመኝታ ክፍላችን ልጆች «ስልኩን ሰርቀሃል» ብለውት ቢሆን ኖሮ ስልኩ በተገኘ ጊዜ ነገሩ በሞተ ነበር። ያሉት ግን «ሌባው» ነው፤ ስልኩ ቢገኝም ቃሉ የሚሄድበት ቦታ አልነበረውም።

የ1996ቱን የወንጀል ሕግ ስንመለከት ሕጉ ከእኛ ይልቅ ጥንቁቅ ሆኖ አገኘነው። በአንቀጽ 665 ስለ ስርቆት፥ በ669 ስለ ከባድ ስርቆት፥ በ670 ስለ ውንብድና፥ በ675 ስለ እምነት ማጉደል ይናገራል፤ የሚቀጣውም ሰው የሠራውን ሥራ ነው። ሥራው ካልተረጋገጠ ሰውየው እንደማንኛውም ሰው ወደ ቤቱ ይሄዳል። ገበያ ላይ ግን እንዲህ አይደለም። «ሌባ! ሌባ! ያዘው!» የሚል ድምፅ ከተሰማ የሮጠ ሁሉ ሌባ ነው፤ ፈርቶ የሮጠውም ጭምር።

ከዚህ ቀጥለን በዋግ ቃሉ ለማን ይሰጥ እንደ ነበር ጥቂት እንናገር። ሰቆጣ የቆየች የገበያ ከተማ ናት። ከአፋር በረሃ የሚወጣው አሞሌ ጨው በብዙ መቶ ግመልና በቅሎ ተጭኖ ወደ ደጋው ሲወጣ ከሚያርፍባቸው ከተሞች አንዷ እርስዋ ነበረች፤ ማሩና ፍየሉም ወደዚያው ይወርድ ነበር። እንዲህ ባለ ገበያ ላይ ልዩ ልዩ እጅ ስለሚገናኝ ለእያንዳንዱ እጅ ቃል አለው። ትንሿን ነገር ሳይታይ የሚያነሣ «ሞጨለፈ» ይባላል፤ «መነተፈ» ትንሽ ፍጥነት ይጨምርበታል፤ «ነጠቀ» ደግሞ ፊት ለፊት ነው። «ቀማ» ኃይል አለበት። የቤት ሰው የሆነች እንደ ሆነ «የእጅ አመል አለባት» ብለው በለሰለሰ አነጋገር ያልፉታል፤ ዘመድን ሌባ ማለት ቤትን ማፍረስ ስለ ሆነ። አዲስ አበባ ስንመጣ ደግሞ «ሿሿ» የሚባል አዲስ ቃል ተማርን። ታክሲ ውስጥ አንዱ ሲገፋ፥ አንዱ መስኮት ሲዘጋ፥ አንዱ ሲጨቃጨቅ ስልክህ ይሄዳል፤ በዚህ ጊዜ «ሿሿ ተሠራሁ» ትላለህ። ከአራታችን አንዳችን በመጣን በሁለተኛው ሳምንት ይህን ቃል በተግባር ተምሮታል።

«ዘረፈ» ግን ሌላ ክብር ያለው ቃል ነው። ፎካሪው ጋሻውን ይዞ ሲነሣ የሚጮኸው «ዘራፍ!» ብሎ ነው። የቅኔ ተማሪም መምህሩ ፊት ቆሞ ቅኔ ሲያፈስ «ቅኔ ዘረፈ» ይባልለታል። በቀድሞ ዘመን ሠራዊት ብዙ ጊዜ በቂ ስንቅ ሳይዝ ስለሚዘምት ያለፈበትን አገር እህልና ከብት ይዘርፍ ነበር፤ የተዘረፈው ባላገር ግን ያንን ወታደር ሌባ ብሎ ለመክሰስ ዳኛ አልነበረውም። ወንበዴ ቢለው እንኳ ቃሉ ራሱ ፍርሃት የተቀላቀለበት ነው። በእኛም ዘመን በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዋግ ሲደርስ ይኸው ቃል ከመጽሐፍ ወጥቶ ወደ ቤታችን ገባ። የጤና ጣቢያ አልጋ፥ የትምህርት ቤት ወንበር፥ የገበሬ ፍየል ተወሰደ። ሰው ሁሉ «ተዘረፍን» አለ፤ «ተሰረቅን» ያለ ግን አልሰማንም። ፍየሎቹ ግን በዚህም በዚያም ስም ያው አልተመለሱም።

ስለ ረኃብ ደግሞ የደጋው ሰው የነበረውን ልማድ እንንገራችሁ። መንገደኛ በሰው ማሳ ሲያልፍ ርቦት እሸት ቆርጦ ቢበላ ሌባ አይባልም፤ ይህንንም የሚፈቅድ ቃል በኦሪት ዘዳግም ተጽፎአል። ነገር ግን በቁና ወይም በነጠላው ጫፍ ቋጥሮ ከማሳው ከወጣ ነገሩ ተለወጠ። እንግዲህ ድንበሩ ይኸ ነው፤ መብላት ይፈቀዳል፥ መሸከም ግን አይፈቀድም። በሰባ ሰባቱ ድርቅ ዋግ ባዶውን በቀረ ጊዜ ብዙ ሰው ወደ ኮረም ሲሰደድ፥ በመንገድ ላይ ከሰው ጎተራ እፍኝ ቆሎ ያነሣ ልጅ ሌባ ሳይባል እንደ ቀረ ታላላቆቻችን ነግረውናል። ሲነግሩንም ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነው። የማን ልጅ እንደ ነበረ አልጠየቅናቸውም።

ሌባ የማይታወቅ ሲሆን ደግሞ የሚደረግ ነገር ነበር። ከሁሉ የሚያስፈራው ሌባ ሻይ ነው። ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው፥ ወገቡን በገመድ ይዘው ይለቁታል፤ ልጁም ደንዝዞ እየተንገዳገደ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤት ሌባው ነው ተብሎ ይከፍላል። በኋላ በመንግሥት ትእዛዝ ተከልክሏል። ሌላው አውጫጭኝ ነው፤ አፈርሳታም ይሉታል። የቀበሌው ሰው ሁሉ በአንድ ሜዳ ተሰብስቦ ሌባው እስኪወጣ ድረስ ወደ ቤቱ አይመለስም። እርሻው ይቆያል፤ ከብቱም ይጮኻል። የሚያውቅ ሰው ራሱን ሳይገልጥ በምስጢር ይጠቁማል፤ ይህንንም ጠቋሚ «ወፍ» ይሉታል። ወፍ ካልተናገረች የጠፋውን ዋጋ አገሩ በሙሉ ተካፍሎ ይከፍላል። የአውጫጭኝ ትልቁ ክፋት ይኸ ነው፤ የሰረቀው አንድ ሲሆን ከፋዩ ሁሉም ነው። የተሰረቀው ሰውም ቢሆን ከጎረቤቶቹ ጋር ሜዳ ላይ ይውላል። ይህን ነገር አሁን ያዙልን፤ እንመለስበታለን።

እስካሁን የተናገርንባቸው ሌቦች በሙሉ ትንንሽ መሆናቸውን ሳታስተውሉ አልቀራችሁም። ፍየል፥ ስልክ፥ እፍኝ ቆሎ። ትልቁን ሰው በምን ቃል እንደምንጠራው ወረቀታችን ላይ ስንፈልግ ያገኘነው አንድ ግሥ ነው፤ ይኸውም «በላ» ነው። እገሌ የማኅበሩን ገንዘብ በላ፤ እገሌ ግብር በላ፤ እገሌ ሹመቱን በላበት። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» ብለን ልጆቻችንን የምንመክር ሕዝብ ነን። ጉቦውንም ስንሰጥ «የሻይ» እንለዋለን፥ ቀድሞም እጅ መንሻ ይባል ነበር። ከቃሎቹ ብዙዎቹ ከማእድ ቤት የመጡ ናቸው።

እዚህ ላይ ነው እኛ የተናደድነው። እሸት የበላው መንገደኛ ሌባ የማይባለው ስለ ራበው ነው፤ «በላ» የሚለው ቃል የተራበ ሰው መከታ ነበር። ዛሬ ግን ቃሉን የጠገበው ሰው ተውሶታል። ማሳ ቁሞ የበላ ሳይሆን በጭነት መኪና ተሸክሞ የወጣውን «በላ» እንለዋለን። ደግሞም ተመልከቱ፤ ለትንሹ ሰው ግሥ የሌለው ስም ሰጠነው፥ ለትልቁ ሰው ደግሞ ስም የሌለው ግሥ። ትንሹ ሌባ «ነው»፤ ትልቁ «በላ»፥ ከዚያም አፉን ይጠርጋል።

«ሙሰኛ» የሚል ስም አለ ትሉን ይሆናል። እውነት ነው፤ በተለይ የሥነ ምግባርና ፀረ ሙስና ኮሚሽን በ1993 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ቃሉ በጋዜጣና በራዲዮ በዝቷል፤ የሙስና ወንጀሎች አዋጅ ቁጥር 881/2007ም አለ። ሙስና ከግዕዙ «ማሰነ» የመጣ ሲሆን ጠፋ፥ ተበላሸ ማለት ነው፤ በውነቱ ጥሩ ቃል ነው። ነገር ግን ይህ ቃል በሰብሰባ አዳራሽ ይኖራል እንጂ ወደ ገበያ አይወጣም። ሰው ሲሸሽ አይቶ «ሙሰኛ! ሙሰኛ! ያዘው!» ብሎ የጮኸ ሰው እስከ ዛሬ አልሰማንም። ሙሰኛም ሲሮጥ አላየንም።

አሁን ወደ ሰቆጣ እንመለስ። የከተማችን ስም በዓለም ጉባኤዎች ላይ የሚጠራው በአንድ ቃል ኪዳን ነው። በሐምሌ 2007 ዓ.ም. መንግሥት «የሰቆጣ ቃል ኪዳን» የተባለውን ሲያውጅ፥ እስከ 2022 ዓ.ም. ድረስ ከሁለት ዓመት በታች የሆኑ ሕፃናት በምግብ እጥረት የሚደርስባቸው መቀንጨር እንዲቀር ቃል ገብቶ ነበር። ይህን ሰምተን የተደሰትን ነን፤ ስማችን ለመልካም ነገር ሲጠራ ብዙ ጊዜ አልገጠመንምና።

ከዚያ በኋላ በ2015 ዓ.ም. የሆነውን ታስታውሳላችሁ። ለተራበው የሚላከው ስንዴ፥ ዘይትና ክክ በብዙ ቦታ ከተረጂው እጅ ሳይደርስ በገበያና በወፍጮ ቤት መገኘቱ ታወቀ። የአሜሪካው ዩኤስኤይድና የዓለም ምግብ ፕሮግራም በመጀመሪያ በትግራይ፥ ከዚያም በሰኔ 2015 መጀመሪያ በመላው ኢትዮጵያ የምግብ ርዳታውን አቆሙ። ነገሩ ሰፊና የተቀናጀ ነው አሉ፤ የኛም መንግሥት እመረምራለሁ አለ። በዚሁ ዓመት የክረምቱ ዝናም በዋግ ቆላዎች፥ በሳህላና በዝቋላ በኩል አጠረ። ርዳታው እንደገና በሰፊው መሰጠት የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ኅዳር መጨረሻ ግድም ነው። ከሰኔ እስከ ኅዳር ስንት ወር እንደ ሆነ የሒሳብ ተማሪው ሳይረዳን ልንቈጥረው እንችላለን። ዩኤስኤይድ ራሱም በ2017 ዓ.ም. ተዘግቷል፤ ያ ግን ሌላ ታሪክ ነው።

እኛ የምንጠይቀው ስለ ቃሉ ነው። ያን ጊዜ የወጡትን መግለጫዎች በእንግሊዝኛም በአማርኛም ፈልገን አነበብን። እንግሊዝኛው «ዳይቨርዥን» ይላል፤ ወንዝን ከመንገዱ ወደ ሌላ ቦይ እንደ መጥለፍ ያለ ነው። አማርኛው «ከታለመለት ዓላማ ውጭ መዋል» ይላል። ቃሉን ቀስ ብላችሁ ስሙት። የሚውለው እህሉ ነው፤ አዋዩ የለም። እህሉ በራሱ እግር ከመጋዘን ወጥቶ፥ ዓላማውን ስቶ፥ ወፍጮ ቤት ገብቶ ውሎ የተገኘ ይመስላል። በአገራችን እህል ከጎታ ያለ ምክንያት ሲጎድል ሰላቢ ወሰደው ይባላል፤ ሰላቢ እጁ የማይታይ፥ በመድኃኒት የሰውን በረከት የሚስብ ነው ብለው ያምናሉ። እኛ የተማርን ነን ብለን በሰላቢ እንሥቃለን። ነገር ግን የመግለጫው አማርኛ ከሰላቢ በምን ይለያል? ሰላቢ የሚል ሰው እንኳ ቢያንስ አንድ አድራጊ እንዳለ ያምናል።

አውጫጭኙን ያዙልን ብለናችሁ ነበር። የሆነው ያው ነው። እህል ጠፋ፤ ወሳጁ አልታወቀም፤ ስለዚህ አገሩ በሙሉ ሜዳ ላይ ተቀመጠ። በዝቋላ ቆላ ያለችው እናት ስንዴውን አልሰረቀችም፤ እንዲያውም የተሰረቀችው እርስዋ ናት፤ ነገር ግን ወፍ እስክትናገር ድረስ ከሕፃንዋ ጋር ጾማ እንድትጠብቅ ተደረገች። ሰጪዎቹ ሌላ ምን ማድረግ ይችሉ ነበር የሚል ሰው በመካከላችንም አለ፤ ስንከራከርበት ሁለት ሌሊት አድረናል። አንዳችን «የሚሰረቅ ከሆነ መላክ ሌባን መቀለብ ነው» ይላል። ሦስታችን ደግሞ ስንዴ ቢጎድልም ጥቂት የደረሰው ይሻላል እንላለን። አልተስማማንም። የተስማማንበት ነገር ቢኖር፥ «ስርቆት ነው፤ የሰረቁትም እነ እገሌ ናቸው» ለማለት ቃል ባጠረበት ቦታ ሁሉ የሚከፍለው የተሰረቀው ሰው መሆኑን ነው።

ይህን ያህል በሌላው ላይ ከተናገርን ስለ ራሳችን ዝም ማለት አይገባንም። ስልኩ የጠፋበት ክፍል ስምንቱም ልጆች፥ ስሙ የጠፋው ጓደኛችን ጭምር፥ በዚያው ወር አንድ የቤት ሥራ ከአንድ ሰው ወረቀት ገልብጠው አስገብተዋል። ይህን «ኮረጅን» ይሉታል። እኛም በየክፍላችን እንዲሁ አድርገናል። በግንቦት 2008 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከቀኑ በፊት በየስልኩ ተበትኖ በመገኘቱ ሲሠረዝ አገር ሁሉ ያለው «ፈተናው ሾለከ» ነው፤ ፈተናም እንደ ስንዴው እግር አለው ማለት ነው። በጥቅምት 2015 ፈተናው በየዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ በጥብቅ ቁጥጥር ሲሰጥ ከተፈታኞቹ ግማሽ ውጤትና ከዚያ በላይ ያመጡት 3.3 ከመቶ ብቻ ሆኑ። ለዚህ ውጤት የመጽሐፍ እጥረት፥ የመምህር እጥረትና ጦርነት ድርሻ እንዳላቸው እኛ ከዋግ የመጣን ሰዎች አሳምረን እናውቃለን፤ ጥላ ሥር ተምረን የመጣን አለንና። ነገር ግን ቀድሞ ይታይ ከነበረው ውጤት ውስጥ ምን ያህሉ «ተኮርጆ» እንደ ነበር መካድ አይቻልም። ከክፍሉ ልጆች አንዱን «ኩረጃ ስርቆት አይደለምን?» ብለን ብንጠይቀው ጥቂት አሰበና፥ «የሰጠኝ ሰው እያወቀ ነው የሰጠኝ፤ ማን ተሰረቀ?» አለን። ይህንን ጥያቄ እስካሁን በደንብ አልመለስንለትም። የሕግ ተማሪው መልስ አለኝ ይላል፤ መልሱ ግን ሦስት ገጽ ስለ ሆነ ከዚህ አላነበብነውም።

የጻፍነውን የቃላት ወረቀት ነገ ጠዋት በማኅበሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ እንለጥፈዋለን። እስካሁን አርባ አንድ ቃል አለበት። በየአገራችሁ የሚነገረውን፥ የኦሮምኛውን፥ የትግርኛውን፥ የሲዳምኛውን፥ የሌላውንም ሁሉ እንድትጨምሩበት እንለምናለን፤ ስትጽፉም ቃሉ ለማን እንደሚነገር በጎኑ አመልክቱልን። ጓደኛችን ይህ ንግግር እንዲነበብ ፈቅዶልናል፤ ስሙ ግን እንዳይጠራ ለምኗል። ወረቀቱን በሁለት ዓምድ ከፍሎ የጻፈልን እርሱ ነው፤ በግራ በኩል ግሡ፥ በቀኝ በኩል የአድራጊው ስም አለ። በ«ሰረቀ» አንጻር «ሌባ» ተጽፎአል። በ«በላ» አንጻር ያለው ቦታ ባዶ ነው፤ እርሳስም በክር አስረንበታል።